ማስረጃ መያዝ ሠራተኛ አያቆይም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሐዋሳ በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። በአማካይ 420 ሠራተኞች አሉን። ባለፈው ዓመት 390 ሰው ለቆብናል። አብዛኞቹ ከገጠር ወረዳዎች የሚመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። መነሻ ደመወዛችን 2,400 ብር ነው፤ ምሳና ሰርቪስ በነጻ ነው። አሠልጥነን እጃቸው ሲፍታታ ይሄዳሉ። ማኔጅመንቱ ከመጪው ወር ጀምሮ ሦስት ነገር እንድፈጽም ወስኗል፤ የሁለት ዓመት የግዴታ ውል ማስፈረም፣ የ10ኛ ክፍል ማስረጃቸውን ኦሪጅናል ይዞ ማቆየት፣ ሳያሳውቁ ለሚለቁ የሥራ ልምድ መከልከል። ያዋጣል? ካላዋጣስ ምን ይዤ ልቅረብ?»

ሦስቱም አያዋጡም። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ሁለተኛው ልብሳችሁን ከሚገዙት የውጭ ኩባንያዎች ጋር ያጣላችኋል፣ ሦስተኛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁን በቀጥታ ይጥሳል። ነገር ግን ማኔጅመንቱ ፊት «ሕጉ አይፈቅድም» ብቻ ብለው ቢቀርቡ «እሺ፣ ሌላ መላ አምጪ» መባልዎ አይቀርም። ስለዚህ ከሕጉ በፊት ከቁጥሩ እንጀምር።

390ን ለ420 ሲያካፍሉት 93 በመቶ ገደማ ይመጣል። ይህ ቁጥር ስብሰባ ላይ ሲነገር ሁሉም የሚሰማው «ሠራተኛው በሙሉ ሄዷል» ብሎ ነው። አልሄደም። ለምሳሌ 130 ወንበሮች በዓመት ውስጥ ሦስት ሦስት ሰው ቢቀያየርባቸው 390 ይሞላል፤ የቀሩት 290 ሰዎች ግን ከዓመት ዓመት እዚያው ተቀምጠው እየሰፉላችሁ ነው ማለት ነው። የእናንተ ትክክለኛ ቁጥር ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ የፋብሪካ ፍልሰት፣ ማለትም የሠራተኛው መልቀቅና መተካት፣ መልኩ ግን በአብዛኛው እንዲህ ነው። ሁሉም ቦታ እኩል አይፈስም። የሚፈሰው ከአንድ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ደግሞ አዲስ ገቢዎቹ ዘንድ ነው። የታሰበው ውል የሚያስረው ሳይታሰሩ የቆዩትን 290 ሰዎች ነው፤ የሚሄዱትን አይነካቸውም።

ለምን እንደማይነካቸው አሁን ሕጉ ይነግረናል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 11 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊሆን ይችላል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ፋብሪካ አሥር ሳምንት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት አላት። የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ ደግሞ በአንቀጽ 31 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥታ ትለቃለች። ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ብትጠፋ ልትከፍል የምትችለው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዟ አይበልጥም። አስቡት፤ ወደ ቦዲቲ ወይም ወደ አለታ ወንዶ የተመለሰች ልጅ ላይ በ2,400 ብር ክስ መሥርቶ፣ መጥሪያ አድርሶ፣ ነገረ ፈጅ አቁሞ የሚከራከር ፋብሪካ የለም። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ካላወቀችም የዶርም ጓደኞቿ ይነግሯታል።

ግዴታ ጭራሽ አይገባም እያልኩ አይደለም። መካኒክ ወይም የፓተርን (የልብስ ቅድ ንድፍ) ባለሙያ ውጭ አገር ልካችሁ ብዙ ወጪ ብታወጡበት፣ ወጪው በሰነድ የተደገፈ፣ ባገለገለ ቁጥር የሚቀንስ ግዴታ ማስፈረም ተገቢ ነው። አዋጁ ራሱ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ በፈቃዱ ስለሚለቅ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ ሲደነግግ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ የሌለበት መሆኑን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ያነሳል። ግን ሁለት ሳምንት ቀጥ ያለ መስመር መስፋትን ማስተማር እንዲህ ያለ ሥልጠና አይደለም። የማንኛውም አሠሪ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው። ይህን ክፍል ስጽፍ ልቤ እየከበደኝ ነው፤ ምክንያቱም ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ፋብሪካ ስሠራ ይህንኑ መመሪያ አርቅቄ ያስፈጸምኩት እኔ ነኝ። «ኦሪጅናሉ እጃችን ከገባ አይጠፉም» ብለን የብረት ካዝና ገዛን። አንድ ጠዋት አንዲት ልጅ ከአባቷ ጋር መጣች። ኮሌጅ ተመድባ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ደርሶባት ነበር። የካዝናው ቁልፍ አዲስ አበባ ስብሰባ የሄደው ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ነበር። አባትየው አልተቆጡም፤ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀምጠው ሄዱ። ልጅቷ ምዝገባው አለፋት። ከዚያ በኋላ ከዚያች ወረዳ የሚመጣ አመልካች እየሳሳ ሄደ። ማስታወቂያ ብንለጥፍ፣ ቀበሌ ብንለምን፣ ወሬው ቀድሞናል። እስከዛሬ ያ ሰውዬ የተቀመጠበት አግዳሚ አይረሳኝም።

ከሰብአዊነቱ ሌላ ደረቅ የንግድ ምክንያትም አለ። የዓለም ሥራ ድርጅት የግዳጅ ሥራ ምልክቶች ብሎ ከዘረዘራቸው 11 ነገሮች አንዱ የሠራተኛን የማንነት ሰነድ ይዞ ማቆየት ነው። የውጭ ገዢዎች የሚልኳቸው ኦዲተሮች መታወቂያም ሆነ የትምህርት ማስረጃ ካዝና ውስጥ ሲያገኙ ከቀላል ጉድለት አይቆጥሩትም። የእሳት ማጥፊያ ጊዜው አልፎበታል ከሚለው ጋር አንድ ገጽ ላይ አይጽፉትም። ኮፒውን ከኦሪጅናሉ ጋር አመሳክሮ ኦሪጅናሉን እዚያው መመለስ ይበቃል። ማጭበርበር ከፈራችሁ ማስረጃውን ለሰጠው ተቋም ጽፋችሁ አረጋግጡ።

የሥራ ልምዱን በአጭሩ ልለፈው። ሠራተኛ ሲለቅም ሆነ በሥራ ላይ እያለ ሲጠይቅ የሠራውን ሥራ፣ የቆየበትን ጊዜና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ መስጠት በአዋጁ የአሠሪ ግዴታ ነው። በምን ሁኔታ እንደለቀቀ አይጠየቅም። የመጨረሻ ክፍያዋንም ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለባችሁ፤ ብትዘገዩ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዟ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስንባችሁ ይችላል። «ክሊራንስ አልጨረሰችም» እየተባለ ወር የሚንከባለል ክፍያ ካለ ዛሬውኑ ይዝጉት።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ለምን ይሄዳሉ? በየስብሰባው የምሰማው መልስ «የሥራ ባህል የላቸውም» የሚል ነው። እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም፤ የማልቀበለውም በስሜት አይደለም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ አገራችን ከአምስት ድርጅቶች ጋር ሆነው ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ከፋፍለው ነበር። ገሚሱ የፋብሪካ ሥራ ደረሰው፣ ገሚሱ ለራሱ ሥራ መጀመሪያ 300 ዶላርና ሥልጠና ተሰጠው፣ የቀረው ምንም አላገኘም። የፋብሪካው ሥራ ከደረሳቸው አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀቁ። ከዓመት በኋላ ሲታይ ግን የፋብሪካው ዕጣ የወጣላቸው ምንም ካልደረሳቸው የተሻለ ገቢ አልነበራቸውም። የለቀቀችው ልጅ ሒሳብ አልተሳሳተችም ማለት ነው። አመዛዝና ነው የሄደችው።

እንግዲህ የእሷን ሒሳብ እንሥራ። ከ2,400 ብር 7 በመቶ ጡረታ 168 ብር ይቆረጣል። ከግብር ነጻ የሆነው 2,000 ብር ስለሆነ በቀሪው 400 ላይ 15 በመቶ 60 ብር ይሄዳል። እጇ የሚገባው 2,172 ብር ነው። አሁን እርስዎ ከቢሮ ወጥተው ሠራተኞቹ የሚከራዩበት ሰፈር ይሂዱና ለአራት የሚከራዩትን ክፍል ዋጋ፣ የእራትና የቁርስ ወጪ፣ ሳሙና፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ለቤተሰብ የምትልከውን ጨምረው ይደምሩ። ከወረቀቱ ጋር ወደ ስብሰባ ይግቡ። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጡት ዘገባ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፈው፣ በዓለም ላይ ካሉ የልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው ብለው ነበር። በዚያው ዘገባ የመጀመሪያው ዓመት ፍልሰት በአማካይ 100 በመቶ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ መቀመጣቸው አጋጣሚ አይደለም።

ደመወዝ መጨመር ካልቻላችሁ ተስፋ የለም ማለት ነው? የለም ብዬ አላምንም፤ ምክንያቱም ከደመወዙ መጠን እኩል የደመወዙ ቀን ይጎዳል። ይህን ብዙ ኃላፊዎች አያዩትም፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ፔይሮላችሁ (የደመወዝ መክፈያ መዝገባችሁ) ወሩ በገባ በ20 ተዘግቶ በ30 ይከፍላል እንበል። ልጅቷ በ18 ሥራ ጀመረች። በ30 የሚደርሳት የሦስት ቀን ሒሳብ ነው። የመጀመሪያ ሙሉ ደመወዟን የምታገኘው በሚቀጥለው ወር 30 ነው፤ ከገባች 42 ቀን አልፏል። እስከዚያ የኪራይ ድርሻዋን የከፈሉላት የዶርም ጓደኞቿ ናቸው። የመጀመሪያው ሙሉ ደመወዝ ሲመጣ ዕዳ ተከፍሎ አለቀ። በማግስቱ አልገባችም። እናንተ መዝገብ ላይ «ደመወዟን ተቀብላ ጠፋች» ብላችሁ ጻፋችሁ፤ እሷ ዘንድ ግን አንድ ወር ከግማሽ ሠርታ እጇ ባዶ ነው።

ይህን ለማስተካከል የደመወዝ ጭማሪ አያስፈልግም። አዲስ ገቢዎችን በወር መጀመሪያ ብቻ መቅጠር ይቻላል። ወይም በሦስተኛው ሳምንት 800 ብር ቅድሚያ ሰጥቶ በሚቀጥሉት ሁለት ወራት 400፣ 400 መቁረጥ። በአንቀጽ 59 መሠረት ቅነሳ በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲሆንና ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሳይበልጥ ይፈቀዳል፤ 400 ብር ከዚያ በታች ነው። የገንዘብ ክፍሉ «ይዘውት ቢጠፉስ?» ይላል። አንዳንዷ ትጠፋለች። ያንን ኪሳራ አንዲት አዲስ ሠራተኛ ለመመልመል፣ ለማሠልጠንና እስክትለምድ ድረስ በምታበላሸው ጨርቅ ከምታወጡት ጋር እንዲያወዳድሩት ይንገሯቸው።

የመገኘት ማበረታቻ ካላችሁም ደንቡን ይዩት። አንድ ቀን የቀረች ልጅ የወሩን ማበረታቻ በሙሉ የምታጣ ከሆነ፣ በወሩ በሦስተኛው ቀን ሆዷን ታማ የቀረች ልጅ ለቀሩት ቀናት የምትመጣበት ምክንያት ቀርቷል። በሳምንት ከፋፍሉት፤ ያለፈው ሳምንት ቢበላሽ የሚቀጥለው ይዳን።

ቀጥሎ ሱፐርቫይዘሮቻችሁ። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አይቻለሁ። ፈጣኗ ኦፕሬተር አንድ ቀን ተጠርታ «ከነገ ጀምሮ የመስመሩ አለቃ ነሽ» ትባላለች። ኮላር መስፋት እንጂ ሰው ማስተዳደር ያስተማራት የለም። ከላይ በሰዓት ይህን ያህል ፒስ ይባልባታል፤ ወደ ታች የምታስተላልፈው በጩኸት ነው። አዲሷ ልጅ ከማሠልጠኛው ወጥታ ሙሉ ታርጌት ባለው መስመር መሐል ትቀመጣለች። ሥራው ፊቷ ይከመራል። ከኋላዋ ያሉት ሥራ ጠፍቶባቸው ይቆማሉ፤ የመስመሩ ቦነስ በእሷ ምክንያት ስለሚያመልጣቸው እነሱም ይቆጧታል። ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ተናግራ ያደገች ልጅ የሚጮኽባት በማይገባት አማርኛ ወይም በባሰ ሁኔታ በምልክትና በጠረጴዛ ድብደባ ሊሆን ይችላል። መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ካርድ ትጠብቃለች። የ18 ዓመት ልጅ ናት፤ ቤቷ ማንም እንዲህ ጮኾባት አያውቅም። ስንት ቀን ትቆያለች?

ለዚህ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ለአዲሶች የተለየ መስመር አቁሙ። ታርጌታቸው በሳምንት በሳምንት እያደገ ይሂድ እንጂ ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ አይሁን፤ የእነሱም ውጤት ከነባሩ መስመር ቦነስ ጋር አይቀላቀል። ሱፐርቫይዘሩን ግን በፒስ ብቻ መለካት አቁሙ። ከተሰጡት አሥር አዲስ ሠራተኞች ከ60 የሥራ ቀናት በኋላ ስንቱ እንዳሉ ከምርቱ ጎን ተጽፎ በየወሩ ይታይ፤ ማበረታቻውም በሁለቱ ይሰላ። እኔ ካየኋቸው ለውጦች ሁሉ የሱፐርቫይዘርን ድምፅ በአንድ ወር ዝቅ ያደረገው ይህ ነው። አለቃ የሚቆጠርበትን ነገር ይጠብቃል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ፤ ማንም በደብዳቤ አይጽፈውም። ሴቶች ልጆች ከሥራ የሚጠፉበት ምክንያት አንዳንዴ ትርፍ ሰዓት የሚመድበው፣ ፈቃድ የሚፈርመው ሰው ነው። ወሲባዊ ትንኮሳ በአዋጁ ለአሠሪም ለሥራ መሪም የተከለከለ ድርጊት ነው፤ የተፈጸመባት ሠራተኛም ያለ ማስጠንቀቂያ ለመልቀቅ በቂ ምክንያት አላት። «ጠፋች» ብላችሁ ከመዘገባችኋቸው ውስጥ እንዲህ ያለች ካለች ጥፋተኛዋ እሷ አይደለችም። የአስተያየት ሳጥን ግድግዳ ላይ መስቀል አይበቃም። ከምርት ክፍሉ ውጭ ያለች፣ ቋንቋቸውን የምትናገር አንዲት ሴት ሠራተኛ መድቡላቸው፤ ከሱፐርቫይዘሩ ሳይሆን ከእርስዎ በቀጥታ ትታዘዝ። ከለቀቁት ውስጥ በስልክ የሚገኙትን እሷ ትደውልላቸው። ቢሮ ተጠርታ «ለምን ትለቂያለሽ?» የተባለች ልጅ «ቤተሰብ ታሞብኝ ነው» ትላለች። ከሁለት ወር በኋላ በቋንቋዋ ስትጠየቅ ሌላ ነገር ነው የምትነግርዎ።

ስለ ሁለት ዓመቱ ውል አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ሐዋሳ ያለ ሠራተኛ 2014ን አይረሳም። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ ከሚገባበት ዕድል፣ ስታስወጣና ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ፋብሪካውን ሲዘጋ ልጆቹ በዓይናቸው አይተዋል፤ ያላዩትም ከእህቶቻቸው ሰምተዋል። ትዕዛዝ ሲጠፋ ሁለት ዓመት አቆያችኋለሁ ብሎ መፈረም የማይችል ፋብሪካ፣ ሠራተኛዋን ሁለት ዓመት ፈርሚ ሲላት ምን እንደሚሰማት አስቡት።

ማኔጅመንቱ «ይህ ሁሉ ልግስና ነው» ካለ የሄንሪ ፎርድን ነገር ያንሱላቸው። በ1913 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፎርድ ፋብሪካ የሠራተኛ ፍልሰት 370 በመቶ ደርሶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ የቀኑን ሥራ ወደ ስምንት ሰዓት አውርዶ ክፍያውን እስከ አምስት ዶላር አሳደገ፤ የዚያ ዓመት ፍልሰት ወደ 54 በመቶ ወረደ። ፎርድ ያንን ያደረገው የመገጣጠሚያ መስመሩ በየቀኑ አዲስ እጅ ሲገባበት ስለሚደናቀፍበት ነበር። የእናንተም የስፌት መስመር እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ይዘው የሚቀርቡት ይህን ነው። በመጀመሪያ የ390ዎቹን ስም በኤክሴል አውጥተው የገቡበትንና የለቀቁበትን ቀን፣ መስመሩንና ሱፐርቫይዘሩን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ከ60 የሥራ ቀን በፊት የለቀቁትን ይለዩ። ከደመወዝ ቀን በኋላ ባለው ሳምንት፣ ከፋሲካ፣ ከፍቼ ጨምበላላና ከመስቀል በኋላ ስንት እንደለቀቁ ይዩ። የበዓሉ ፍልሰት በተለይ የሚታረም ነው፤ ለአገር ቤት ጉዞ ሁለት ቀን ፈቃድ የተከለከለች ልጅ በራሷ ሁለት ሳምንት ትወስዳለች፣ ከዚያ መመለስ ታፍራለች። ቀጥሎ ማኔጅመንቱን ሦስት ወርና ሁለት መስመር ብቻ ይጠይቁ። በሁለቱ መስመሮች ቅድሚያ ክፍያውን፣ የሚያድገውን ታርጌትና የሱፐርቫይዘሩን አዲስ መለኪያ ይሞክሩ፤ ሌሎቹ እንደነበሩ ይቀጥሉ። ሦስት ወር ሲሞላ ከየመስመሩ ስንት ወንበር ሰው እንደቀየረ ይቁጠሩ።

እስከዚያው የማንም ኦሪጅናል እንዳይሰበሰብ በጽሑፍ ያሳስቡ። ቀድሞ የተሰበሰበም ካለ ለባለቤቶቹ አስፈርመው ይመልሱ። ለለቀቁትም ጭምር ነው፤ አድራሻቸው ካልተገኘ በወረዳቸው በኩል ያስጠሩ።